ያውቁ ኖሯል? ጉበትን የገዛ መከላከያው ሲያጠቃው

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ ሐኪም ቤትም ቀድሞ የሚጠረጠረው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረስ ሳይኖር የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ራሱ ጉበትን የሚያቆስልበት ሕመም ግን አለ፦ ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ። በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው።

ለረጅም ጊዜ የነጮች በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በአላስካ ተወላጆች ዘንድ ከ100,000 ሰው 43 ያህሉ እንዳለባቸው አሳየ፤ በኖርዌይ ከተገኘው ከእጥፍ በላይ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቅላቸው ጉበታቸው ጠባሳ በጠባሳ ከሆነ (ሲሮሲስ ላይ ከደረሰ) በኋላ ነው።

በእኛ አገር ምርመራው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ላቦራቶሪው የሚፈልገው አይጂጂ የተባለው የደም ፕሮቲን መብዛቱንና እንደ ኤኤንኤ ያሉ በራስ አካል ላይ የሚነሱ አንቲቦዲዎችን ነው። ወባና ጥገኛ ትላትል በተለመዱበት አካባቢ ግን አይጂጂ ያለዚህ በሽታም ከፍ ይላል፤ ኤኤንኤም በጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል። በዚህ ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. በሽታውን ለመለየት የወጣው የነጥብ መስፈርት 2 ነጥብ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቫይረስ ለሌለበት ታካሚ ነው። ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስም የቫይረስ ሄፓታይተስም ያሉባት ሴት እነዚያን ነጥቦች ስለምታጣ በቀላሉ ትታለፋለች። ስለዚህ ከጉበት ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየትን የሚተካ የደም ምርመራ የለም። ጫት የሚቅሙ ሰዎች የጉበት ጉዳትም አንዳንዴ ይህንኑ በሽታ መስሎ ይታያል፤ ሐኪምዎ ስለ ጫት ሲጠይቅዎ አይደብቁ።

ሕክምናው ፕሬድኒሶሎንና አዛቲዮፕሪን ነው። ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግድ ነው፤ መድኃኒቱ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላል።