ታንኳን ተሸክሞ ማለፍ ነውር አይደለም

ልጁ ካያክ በምትባል ጠባብ ታንኳ የባዕድ አገር ወንዝ ሊወርድ የተነሣበት ወላጅ፥ አስቀድሞ የመሪውን ጠባይ ይመርምር እንላለን።

ዛምቢያንና ዚምባብዌን የሚያዋስነው የዛምቤዚ ወንዝ ከቪክቶሪያ ፏፏቴ በታች በጥልቅ ገደል ውስጥ በቋጥኝ ላይ እየተናወጠ ይወርዳል። የውኃው አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ባለ ደረጃ ይመዘናል። በቍጥር ከሚጠሩት ነውጠኛ ስፍራዎች 9ኛው 6ኛ ደረጃ ስለ ሆነ፥ መሪዎች ብዙውን ጊዜ እንግዶቻቸውን ወደ ዳር አውጥተው በእግር ያሳልፏቸዋል።

ልምድ ያለው መሪ የተገለበጠ ታንኳ በመቅዘፊያ የሚቃናበትን ብልሃት አስቀድሞ በጸጥተኛ ውኃ ያስተምራል፤ በሚያጠራጥረውም ስፍራ ወርዶ ወንዙን ከዳር ሆኖ ይመለከታል።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፥ መሪውን «ስንቱን አለፍህ?» አትበለው፤ «ታንኳህን የምትሸከመው ከወዴት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ልጅህን አይምራ።