ጥቂት ግራም አደንዛዥ ዕፅና የኮሌጅ ስፖርተኛ

በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚማሩት ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት የትምህርት ወጪያቸው የሚሸፈንላቸው በስፖርት ችሎታቸው ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ የሚሄዱ ሯጮችም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ተማሪ በኪሱ ወይም በመኝታ ክፍሉ ጥቂት ግራም አደንዛዥ ዕፅ ቢገኝበት ምን ይደርስበታል? ለጥያቄው አንድ መልስ ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ተማሪው የሚጠየቀው በአንድ ሕግ ብቻ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሕግ መሠረት የተከለከለ ዕፅ ይዞ መገኘት፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ 1 ዓመት እሥራት፣ ከ1,000 ዶላር የማያንስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። ይሁን እንጂ ጥቂት ግራም የያዙ ወጣቶች በአብዛኛው የሚቀርቡት በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ነው፤ የክፍለ ግዛቶቹም ሕግ እጅግ ይለያያል። ኮሎራዶና ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ጥቂት ካናቢስ መያዝን ፈቅደዋል፤ ነገር ግን የተፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ ሲሆን፣ ብዙ የኮሌጅ ስፖርተኞች ገና ከዚህ ዕድሜ አልደረሱም። በቴክሳስ ደግሞ ከ2 አውንስ ያነሰ የካናቢስ ቅጠል መያዝ እስከ 180 ቀን እሥራትና እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ከዚያው ተክል የወጣ ዘይት ከሆነ ግን ከ1 ግራም ቢያንስ እንኳ ከባድ ወንጀል ይሆንና እሥራቱ እስከ 2 ዓመት ይደርሳል።

የሕጉ ክብደት ራሱ ከአንድ ስፖርተኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሌን ባያስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1986 በቦስተን ቡድን በተመረጠ በሁለተኛው ቀን በኮኬይን ምክንያት ሞተ። አገሩ በሐዘንና በቁጣ ተሞላ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት፣ በችኮላ ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ ጥብቅ ሕግ አወጣ። በ1988 በተጨመረው አንቀጽ መሠረት ክራክ ከተባለው የኮኬይን ዓይነት ከ5 ግራም በላይ ይዞ መገኘት ብቻ ቢያንስ የ5 ዓመት እሥራት ያስፈርድ ነበር። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ2010 ነው።

ከፍርድ ቤት ውጭም ቅጣት አለ። ኮሌጁ ተማሪውን ከቡድኑ ሊያግደው፣ የትምህርት ድጎማውንም ሊያቋርጥበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ በዕፅ ወንጀል የተፈረደበትን ተማሪ የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ይከለክለው ነበር፤ ክልከላው እንዲቀር የተወሰነው በ2020 ነው። የኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበርም በ2024 ካናቢስን በከፍተኛው ምድብ ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር አውጥቷል። ይህ ግን የማኅበር ደንብ እንጂ የአገር ሕግ ስላልሆነ ከፖሊስ አያድንም።

ከሁሉ የባሰው ችግር የሚደርሰው በውጭ አገር ተማሪ ላይ ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በዕፅ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ የውጭ አገር ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ለራሱ ጥቅም ከ30 ግራም ያልበለጠ ካናቢስ አንድ ጊዜ ብቻ የያዘ ነው፤ እርሱም ቢሆን ወደ አገሩ ሄዶ ሲመለስ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። በኢትዮጵያ ገበያ በግልጽ የሚሸጠው ጫትም ይህን ያህል ምሕረት አያገኝም፤ በእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመድቧልና።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ወጣት ብዙ ፍርድ ቤቶች የሚሰጡት ዕድል አለ። ተማሪው ጥፋቱን ያምናል፤ ለተወሰነ ጊዜ በቁጥጥር ሥር ሆኖ መልካም ጠባይ ካሳየ ክሱ ይዘጋለታል። ለአሜሪካዊው ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋትን አምኖ በዳኛ ትእዛዝ በቁጥጥር ሥር መቆየትን እንደ ጥፋተኝነት ፍርድ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለአንዱ መዳኛ የሆነው ስምምነት ለሌላው መባረሪያ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በፓዲያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ጠበቃ የውጭ አገር ተወላጅ የሆነውን ደንበኛውን፣ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት፣ ስለ መባረር አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል።