የወፍጮ ቺንጋ ያለ ዕድሜው የሚበጠሰው ለምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ቺንጋው በተበጠሰ ቀን እህል የተሸከመች እናት ሳታስፈጭ ትመለሳለች። ልጇም በማግስቱ እህሉን በአህያ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሲሄድ ከክፍል ይቀራል። ባለወፍጮው ደግሞ «የዘንድሮ ቺንጋ እንዲያው ወረቀት ነው!» ብሎ አዲስ ይገዛል። ደካማ ቺንጋ መቼም አይጠፋም። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ቢገባ፣ አዲሱም ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው በሰበቃ ነው። ጎኑ ሾጠጥ ያለው ቺንጋ ፑሊውን፣ ማለትም በትምህርታችን በከራ የምንለውን፣ የሚጨብጠው በሁለት ጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። ጭብጡ ሲላላ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ላስቲኩ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ስለሆነም የተበጠሰው ቺንጋ ከመጣሉ በፊት ይመርመር።

1ኛ. ሁለቱ ጎኖቹ እንደ መስታወት ካብለጨለጩ ላልቶ ሲንሸራተት ኖሯል ማለት ነው። ይሁንና ከልክ በላይ ማጥበቅም ኩሽኔታውን ይጎዳል።

2ኛ. ሆዱ ካብለጨለጨ የፑሊው ቦይ ተበልቷል፤ ቺንጋው ወርዶ ወለሉን እየነካ ነው። መለወጥ ያለበት ፑሊው ነው።

3ኛ. አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ሞተሩና ወፍጮው ተንጋደዋል። በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ ክር ወጥረን እንይ፤ የፊታቸው ስፋት እኩል ከሆነ ክሩ በ4 ነጥብ ሊነካቸው ይገባል።

4ኛ. ካበጠና ከለሰለሰ ዘይት ወይም ናፍጣ ነክቶታል።

5ኛ. ገና አዲስ ሳለ ከተበጠሰ፣ ሲገባ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ የውስጡ ክር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ሞተሩን ወደ ወፍጮው አስጠግቶ በእጅ ማስገባት፣ ከዚያም መወጠር ነው።

ጎን ለጎን የሚሠሩ ቺንጋዎች ካሉ ሁሉም አንድ ላይ ይለወጡ። አንዱ ብቻ ቢለወጥ አሮጌዎቹ ስለረዘሙ ሸክሙ ባዲሱ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ ምርመራ ግን ሞተሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ይሁን፤ የሚዞር ቺንጋ ጣት አይምርም!

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በምንመደብበት ቀበሌ ቤተ ሙከራ ላናገኝ እንችላለን። ወፍጮ ቤት ግን አይጠፋም። ባለወፍጮውን አስፈቅደን አንድ የተበጠሰ ቺንጋ ወደ ክፍል ብናመጣ፣ ተማሪው ሰበቃን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በእጁ ዳስሶ ያውቃታል፤ ያወቀውንም ማታ ቤቱ ሄዶ ያወራል። ያኔ ባለወፍጮውም ሳይሰማ አይቀርም።