አሮጌ የጣሊያን ሞተር እንዴት ይያዛል? ከካንዴላው እስከ ሄልሜቱ

ጋራዥ ደጃፍ ቆማችሁ መካኒኮች ሲነጋገሩ ሰምታችሁ ከሆነ «ካንዴላውን ንቀለው፣ ፍሪሲዮኑን እየው፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ዳዶውን አጥብቀው» ሲባባሉ ጆሯችሁ ሳይገባ አይቀርም። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ የምንላቸውም እንደዚሁ። የጣሊያን አገዛዝ በአካባቢያችን በ1941 አበቃ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዛሬው ገጻችን ስለ አሮጌ የጣሊያን ሞተር ሳይክሎች፣ በተለይም ስለ ቬስፓ፣ አያያዝና አነዳድ እንጫወታለን። «እኛ ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ቬስፓ ከየት አምጥተን ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በየመንገዱ የምናየው የህንድ ቦዳ ቦዳ ነው። ነገር ግን ቬስፓን ፈትቶ መግጠም የለመደ እጅ ሌላውን ሞተር አይፈራም። ሙያ ደግሞ ሻንጣ አይፈልግም፤ ድንበር ላይም አይቀማም።

የቬስፓ ዘር

ቬስፓ የተወለደችው በ1946 ፖንቴዴራ በምትባል የጣሊያን ከተማ፣ በፒያጆ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ቀድሞ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደበደበ። ንድፏን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮም የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ሰውየው ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር፤ ካቴናው ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ ሲተነፍስ መቀየሩም መከራ ነው ብሎ። ስለዚህ ካቴናውን ጨርሶ አስቀረው። ሞተሩን ከኋላው ጎማ ጋር አንድ አደረገው፣ ማርሹን ግራ እጅ ላይ አመጣው፣ ለእግር ከፊት መከለያ ሠራ። ቀሚስ የለበሰችም ሱሪ የለበሰም ንጹሕ ሆነው እንዲደርሱ ማለት ነው።

በ1948 ያው ፋብሪካ «አፔ» የምትባለዋን ባለ ሦስት እግር አወጣ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960 ግድም ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሁለቱንም መሥራት ጀመረ። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከተሞች «ባጃጅ» የምንላት ባለ ሦስት እግር በዘሯ ከቬስፓ ቤት ናት።

ዘይቱን በልክ

አሮጌዋ ቬስፓ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት። ይህ ማለት የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የ1950ዎቹ ሞዴሎች 5 በመቶ ዘይት ይፈልጋሉ፤ በ1977 የወጣው ፒ ኤክስ ግን 2 በመቶ ይበቃዋል። በ2 በመቶ ስሌት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ የለስላሳ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛው ልክ ይመጣል። በዓይን እየገመቱ ማንቆርቆር ግን ጥፋት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ የኋላው ጎማ በድንገት ይቆልፋል። ሲበዛ ደግሞ ካንዴላው ይጨማለቃል፣ ማርሚታውም በጥላሸት ይደፈናል።

የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው። ለፒ ኤክስ ሩብ ሊትር ይበቃል። ፍሪሲዮኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ያገኙትን ዘይት ሁሉ መጨመር አይገባም፤ መመሪያው የሚለው 30 ቁጥር ነው። ሞተሯን ለረጅም ጊዜ ስታቆሟትም የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉ። አለበለዚያ ቤንዚኑ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል።

ብልሽት ሲመጣ ከርካሹ ጀምሩ

ጎበዝ መካኒክ ወዲያው ሞተር አይከፍትም። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥቶ ያያል፤ ካንዴላ የሞተሩን ሆድ ይናገራልና። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት ወይም ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል፣ ምናልባትም በአንድ ስንጥቅ አየር እየሳበ ነው። የካንዴላው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ግድም ይሁን። ከዚያ ካንዴላውን ከሽቦው ጋር እንዳለ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ርገጡ። ሰማያዊ እሳት ከታየ ችግሩ ያለው ቤንዚኑ ላይ ነው። እሳት ከሌለ አሮጌዎቹ ላይ ፑንቲና የሚባሉትን ሁለት ትናንሽ የእሳት ማገናኛዎች ጽዱ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ የቤንዚን ጀሪካን አጠገባችሁ አይኑር።

ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ቢወጣና የካምቢዮው ዘይት ቢጎድል፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የዘይት ጎሚኒ አልቆ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው። ይሄ መከፈት ያለበት ብልሽት ነው። ማርሽ እየዘለለ ሲወጣ ግን አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ከእጀታው ወደ ካምቢዮው የሚሄዱት ሁለቱ ሽቦዎች ላልተው ነው። በመፍቻ ማጥበቅ ነጻ ነው፤ ካምቢዮ መክፈት ግን የሳምንት እንጀራ ይበላል።

የጎማው ነገር

የቬስፓ ቸርኬ ከሁለት ግማሾች ተገጥሞ በብሎን የታሰረ ነው። ሌሎቹ ዳዶዎች ደግሞ ቸርኬውን ከሞተሩ ጋር ያስሩታል። ጎማ ልትቀይሩ ስትሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ። ሁለቱን ግማሾች የሚያስሩትን ዳዶዎች ጎማው አየር እንደያዘ የፈታ ሰው፣ ብረቱ እንደ ጥይት ፊቱ ላይ ሊፈናጠርበት ይችላል። መጀመሪያ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ፣ ከዚያ ፍቱ። ስትገጥሙም ከመነዳሪው፣ ማለትም የውስጡ ጎማ፣ በሁለቱ ብረቶች መሐል እንዳይቆነጠጥ ተጠንቀቁ። ለሚማሩ ልጆች ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገራቸው የሚገባ ይሄ ነው።

የጎማውን ዕድሜም ተመልከቱ። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሳይነዳም ቆሞ ያረጃል፣ ይሰነጣጠቃል። ከ1979 ጀምሮ በወጡት የዱካቲ ፓንታ ሞተሮች ውስጥ ያሉት ባለ ጥርስ ቺንጊያዎችም እንዲሁ ናቸው። ሞተሩ ባይነዳም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራሉ፤ ቢበጠሱ ሞተሩን ይዘውት ይሄዳሉ። ሞቶ ጉዚ ቪ 7 በበኩሉ ካቴናም የለው፣ ኃይሉ በብረት ዘንግ ወደ ኋላው ጎማ ይሄዳል። ሰዎች ካቴና የለውም ብለው የኋላውን ዘይት ይረሱታል፤ እሱም መታየት አለበት።

ማርሽና ቁልቁለት

ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ያድናል፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ጋዝ ዘግቶ ብዙ መንገድ መውረድ ሞተሩን ያለ ዘይት ማስሮጥ ነው። አልፎ አልፎ ትንሽ ጋዝ ስጡት። ሁለተኛ፣ በደጋ ቀጭን አየር ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። በቆላ የሚኖር ሰው በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ሰፋ ባለ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል።

ሞተሩ ድንገት ቢጣበቅ ሳታስቡ ፍሪሲዮን ጨብጡ፤ የለመዱ ነጂዎች ጣታቸውን ከዚያ አያርቁም። የቬስፓ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ አትወድም። አሸዋ ላይም የፊት ፍሬን አትያዙ፤ ጋዙን ሳትቀያይሩ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

ምን እንልበስ?

ገንዘብ ቢያጥር ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሄልሜት፣ ጫማ፣ ጓንት፣ ጃኬት። በ2008 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጣሊያኖችም በቀላሉ አልለመዱትም። የ1986ቱ ሕግ በትናንሽ ሞተሮች ላይ የሚሄዱትን አዋቂዎች ነጻ አድርጎ ነበር፤ ሁሉም እንዲያደርግ የተገደደው በ2000 ነው።

ሄልሜት ስትገዙ ጭንቅላታችሁን ጠበቅ አድርጎ የያዘ፣ የአገጩ ማሰሪያም የሚሠራ ይሁን። ያልታሰረ ሄልሜት ገና ሳትወድቁ ቀድሟችሁ ይሄዳል። ከዚህ በፊት አደጋ ያየውን አትግዙ፤ ከላይ ደህና መስሎ የውስጡ ፎም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ሲሊፐር አድርጎ መንዳት ይቅር፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን አሮጌ ቦት ጫማም ይበቃል። የቆዳ ጃኬት ካልተገኘ ወፍራም ጂንስ ከቲሸርት ይሻላል።

እናቶችና እህቶች ደግሞ አደራ! ቬስፓ ላይ ጎማው የተሸፈነ ነው፤ ካቴናም የለም። ቦዳ ቦዳ ላይ ግን የነጠላና የሻሽ ጫፍ፣ የረጅም ቀሚስም ዘርፍ ወደ ጎማው ወይም ወደ ካቴናው ሊገባ ይችላል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሰብስባችሁ ከሥራችሁ አድርጉት። ሹፌሩም ሳያይ አይነሳ። ለተሳፋሪ የሚሆን ሁለተኛ ሄልሜት የሚይዝ ነጂ ስታገኙም እሱን ምረጡ፤ ሌሎቹም ይማራሉ።

ሙያውን መጀመር የምትፈልጉ ወጣቶች፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥቂት መፍቻዎችና የካንዴላ መፍቻ ካላችሁ መነሻው አላችሁ። የተጣለ ሞተር ለምናችሁ ፍቱ፣ ዳዶዎቹን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ያልገባችሁን በካምፑ ጋራዦች ያሉትን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።