ተራራው እስኪታይ

ከጉለሌ ቁስቋም ተነሥተን ወደ ዝዋይ ሐይቅ ለመሄድ ያሰብነው በልጃችን ጥያቄ ምክንያት ነበር። በትምህርት መጽሐፉ የእስክንድርያን የመብራት ግንብ ሥዕል አይቶ፥ «አባባ፥ በእኛ አገር ሐይቅ ላይስ እንዲህ ያለ ግንብ አለ?» ብሎ ጠየቀን። ያ ግንብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በፋሮስ ደሴት ተሠርቶ፥ ለመርከበኞች በሌሊት በእሳቱ፥ በቀን በቁመቱ ምልክት ሆኖ ከኖረ በኋላ በምድር መናወጥ ፈርሷል። ልጁን፥ «ግንቡ የለንም፤ የሚመስለውን ግን እናሳይሃለን» አልነው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ማልደን ተነሣን። ከእንጦጦ ግርጌ የተቀበለን ዝናም በቢሾፍቱም በሞጆም አልተለየንም። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን፥ መቂን አልፈን፥ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ስንደርስ ሐይቁ ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኖ ጠቁሮ ነበር።

ያሰብነው ከአምስቱ ደሴቶች ወደሚበልጠው ወደ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። በላዩ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ትውፊት እንደሚናገረው፥ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ወደዚህ ተሰደዱ። የዛይ ሕዝብም በደሴቶቹ ላይ ቋንቋውንና የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ ኖረ።

ባለ ጀልባውን ብንለምነው እንቢ አለን። «ይህን ያህል መንገድ መጥተን!» ብለን ዋጋ ጨመርንለት። እርሱ ግን በእርጋታ፥ «እኔ የምሄደው ያንን ተራራ እያየሁ ነው፤ ተራራው ካልታየኝ ልጆቻችሁን ይዤ አልነሣም» አለን። ተቈጥተን ክፉ ቃል ተናገርነውና በከተማው አደርን። ወደ ማታ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉን ከዳሩ ጋር ሲያላትመው ባየን ጊዜ ግን አፈርን።

በማግሥቱ ዝናሙ አባርቶ ተራራው ከውኃው መካከል ብቅ አለ፤ ባለ ጀልባውም ሳንጠራው መጣ። ይቅርታ ብንለምነው፥ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብሎ ገመዱን ፈታ። ሐይቁን ስናጋምስ ልጃችን ጣቱን ቀስሮ፥ «ግንቡ ያ ነው?» አለ። «አዎን፥ እርሱ ነው» አልነው።

ምልክት መኖሩ ብቻ አያድንም፤ እስኪታይ የሚታገሥ ሰው ያስፈልጋል። በየቤታችን በችኮላ አንድ ነገር ልንቈርጥ ስንል፥ አብረውን የተሳፈሩት ልጆቻችን መሆናቸውን እናስብ።