ቁልቋል ሁሉ ዘመድ አይደለም

ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንቅልፍ ካልወሰዳችሁ ግን ብዙ አገር ታያላችሁ። አዋሽን ተሻግራችሁ በዴራ በኩል ስታልፉ ግራርና ቁልቋል ነው፤ ኢተያ አካባቢ የስንዴው ማሳ ይረከባችኋል፤ ቁሉምሳን አልፋችሁ አሰላ ስትገቡ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁና ጋቢ ያስፈልጋል። ከከተማው በላይ የተገተረው ጭላሎ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል።

ጉዞው ከሚነሳበት ከተማ ስም እንጀምር። አዳማ የሚለው ስም “አዳሚ” ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ አዳሚ ማለት ቁልቋል ነው። ቁልቋልስ ካክተስ ነው? ብዙዎቻችን፣ አንዳንድ መዝገበ ቃላትም ጭምር፣ ነው እንላለን። አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወርደዋል፤ ካክተስ ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ወተት የለውም። የካክተስ እሾህ የሚበቅለው ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ጉብታ ላይ ሲሆን የቁልቋሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በግንዱ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። ዝምድናቸውም ሩቅ ነው። ቁልቋል ከብሳናና ከጉሎ ቤተሰብ ነው። ካክተስ ደግሞ ለቁልቋል ከሚቀርበው ይልቅ ለቀይ ሥርና ለቆስጣ ይቀርባል፤ ለማመን ቢከብድም የዕፅዋት ሊቃውንት ምደባ ይኸው ነው።

ታዲያ መልካቸው ለምን ገጠመ? ድርቅ ነው። ሰፊ ቅጠል ውሃ ያባክናል፤ ስለዚህ ሁለቱም ቅጠላቸውን ትተው ግንዳቸውን አረንጓዴና ውሃ ቋጣሪ አደረጉ። ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አላቸው። ተክል ምግቡን ለመሥራት አየር ማስገባት አለበት፤ የአየሩን ቀዳዳ በከፈተ ቁጥር ግን ውሃው ይተናል። እነዚህ ቀን ዘግተው ይውሉና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ። የሰበሰቡትንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አኑረው፣ ፀሐይ ስትወጣ በራቸውን ዘግተው ይሠሩበታል። አንዱ አፍሪካ ሌላው አሜሪካ ሆነው፣ ሳይመካከሩ።

የካክተስ አገሩ አሜሪካ ነው። በአፍሪካ ደኖች ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚኖር አንድ ዝርያ በቀር፣ ሌሎቹን ወደዚህ ያሻገራቸው ሰው ነው። ትግራይን የሞላው በለስ እንኳ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቁልቋል ባሕሪ መባሉም የመጣበትን ይናገራል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ማለት ነው።

በለስ ዓለምን ሲዞር ከአገሩ ንቅንቅ ያላለም አለ፤ ፔዮቴ ይባላል። በዱር የሚገኘው በደቡብ ቴክሳስ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢና በሰሜን ሜክሲኮ ብቻ ነው፤ ወደ ደቡብ እስከ ሳን ሉዊስ ፖቶሲ ይዘልቃል። የኖራ ድንጋይ አፈር ይወዳል፤ ብዙ ጊዜ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ተጠልሎ ይበቅላል። እሱ ራሱ እሾህ የለውም። ከመሬት በላይ የሚታየው ድፍጥጥ ያለች አረንጓዴ እንክብል ናት፤ የቀረው አካሉ እንደ ካሮት አፈር ውስጥ ነው። አእምሮን የሚለውጥ ሜስካሊን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው ይጠቀሙበታል። እድገቱ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ በለቀማና በመሬት ምንጣሮ እየተመናመነ ነው።

አርሲ ላይ ለምን የለም? አሰላ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የፔዮቴ ሥር ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቢከርም ይበሰብሳል። ዴራ አካባቢ ያለው ደረቅ መሬት ምናልባት ይስማማው ነበር፤ ዳሩ ግን ዘሩን ውቅያኖስ የሚያሻግርለት አላገኘም። የአንድ ተክል አገር የሚወሰነው በአየሩ ብቻ አይደለም፤ መንገድም ያስፈልገዋል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ቁልቋላችንም ድንበር አለው። ውሃ የቋጠረ ግንዱ ውርጭ አይችልምና ጭላሎ ጫፍ አይወጣም። እዚያ ተራው የጅብራ ነው። ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል።

ከመኪና ወርዳችሁ ቁልቋሉን በቅርብ ለማየት ካሰባችሁ፣ እሾሁን ተመልከቱ እንጂ ቅርንጫፉን አትስበሩ። ወተቱ ቆዳ ያቆስላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ማሳወር ሊደርስ ይችላል። ድንገት ቢረጫችሁ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።