የመኪና ሠሌዳ የሚያነብ ካሜራና የባለመኪናው ምስጢር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በብሪታንያ የተፈለሰፈው የሠሌዳ ቁጥር አንባቢ ካሜራ ዛሬ በብዙ አገሮች የፖሊስ መሣሪያ ሆኖአል። ካሜራው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ኮምፒዩተሩም ቁጥሩን ከተሰረቁና ከሚፈለጉ መኪናዎች ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ቦታውንና ሰዓቱን ይመዘግባል።

የተሰረቀ የጭነት መኪናው በዚህ ዘዴ የተመለሰለት ነጋዴ ጥቅሙን አይክድም። ነገር ግን የሚመዘገበው ሌባው ብቻ አይደለም፤ የየዕለቱ መዝገብ ሲጠራቀም ነጋዴው ዕቃ ከማን እንደሚገዛ፥ ለማን እንደሚያደርስ፥ ሐኪም ቤት መቼ እንደ ሄደ ጭምር ይናገራል።

ስለዚህ ዋናው ክርክር መዝገቡ ስንት ጊዜ ይቆይ የሚለው ነው። በብሪታንያ እስከ 1 ዓመት ይቀመጣል፤ በአሜሪካ የኒው ሐምሽየር ግዛት ሕግ ግን የማይፈለግ መኪና ቁጥር ከ3 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ያዛል። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የማይፈለግ መኪና ቁጥር ወዲያው ካልተደመሰሰ የሰው መብት ይነካል ብሎ የሁለት ግዛቶችን ሕግ ሽሮአል።

ቅን ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን ሕግ ሲጠይቀው ያሳያል፤ ይህ ማለት ግን መዝገቡ ዘወትር ተገልጦ ይዋል ማለት አይደለም። የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው።